1 በመቶ ስንት ነው?

ሀዋሳ፣ እሑድ ማታ

የዕጢን የኦክሲጅን እጥረት ለመምሰል ሕዋሳት የምናሳድግበት ኢንኩቤተር (ሙቀቱንና አየሩን የሚቆጣጠር ሳጥን) ሰሌዳ ላይ «ኦክሲጅን 1.0» የሚለው ቁጥር ሲበራ ሁላችንም እናምነዋለን። እኔን ግን ሰሞኑን እየከነከነኝ ነው። ቁጥሩ በመቶኛ ነዋ፤ ሕዋሱ የሚያውቀው ደግሞ ግፊትን ነው።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። እኛ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ወደ 620 ይወርዳል። በ37 ዲግሪ የውሃ ትነቱ ድርሻ 47 ነው፤ እሱ ሲቀነስ 573 ይቀራል። የዚህ 1 በመቶ 5.7 ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ላብራቶሪ በዚያው ቁጥር 7.1 ያገኛል። «እኛም 1 በመቶ ላይ ሠራን» ብለን ውጤታችንን ከነሱ ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ የኛ ሕዋሳት ይበልጥ ታፍነው ነበር ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ያው ነው፤ 5 በመቶ እዚህ 29 ገደማ፣ እዚያ 36 ይሆናል። ሚዲየሙ (ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ) በ0.1 ፒኤች ያህል ከፍ ይላል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ለማስተካከል ወደ 6.2 በመቶ ከፍ ማድረግ ይበቃል። የዕጢን አሲድነት ልናጠና ተነስተን ሚዲየሙ ራሱ ከመነሻው ሲስተን ያስቃል።

በዚህ ሁሉ ሽርፍራፊ መጨነቅ ለምን? ዕጢ ውስጥ ነገሩ የሚወሰነው በሽርፍራፊ ስለሆነ ነው። ከደም ሥር የወጣ ኦክሲጅን፣ ሕዋሳቱ እየተሻሙት፣ 150 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሄዶ ያልቃል። የደብተር ወረቀት ውፍረት 100 ያህል ነው፤ ከምግቡ እስከ ረሃቡ ያለው ርቀት አንድ ቅጠል ተኩል ብቻ ነው። ካንሰርን የሚያጠቃው የመከላከያ ሕዋስ፣ ቲ ሴል፣ ያንን መንገድ ሲሻገር ሌላ አገር ይገባል።

ኦክሲጅን ባለበት ኤችአይኤፍ-1 አልፋ የሚባለው ፕሮቲን ገና ሲሠራ ይፈርሳል። ኦክሲጅንን የሚጠቀም ኢንዛይም ፕሮሊን በሚባሉት አሚኖ አሲዶቹ፣ 402 እና 564 ላይ፣ ምልክት ያደርግበታል፣ ቪኤችኤል የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል፣ የሕዋሱ ፕሮቲን ማፍረሻ ፕሮቲያሶም ይፈጨዋል። ኦክሲጅን ሲያጥር ምልክቱ ይቀርና ፕሮቲኑ ተከማችቶ ኒውክሊየስ ይገባል። ከዚያ የካንሰሩ ሕዋስ ፒዲ-ኤል1ን ያበዛል፤ ይህ የቲ ሴሉ ፍሬን ነው። አዴኖሲን የሚሠራው ኢንዛይም ሲዲ73ም ይጨምርና ከሕዋስ ውጭ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ አዴኖሲኑ በኤ2ኤ ተቀባይ በኩል የቲ ሴሉን የውስጥ መልእክተኛ፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒን፣ ከፍ አድርጎ ያደነዝዘዋል። ዕጢው የሚያወጣው ላክቲክ አሲድ ደግሞ ቲ ሴሉንም ሌላውን ገዳይ የመከላከያ ሕዋስ፣ ኤንኬ ሴሉንም፣ አብሮ ያዳክማል። ባዕድ ነገር የሚውጠው የመከላከያ ሕዋስ፣ ማክሮፋጅ፣ ወደ ረሃቡ ሰፈር ተስቦ ይገባል፣ እዚያው ተይዞ ይቀራል፣ ዕጢውን መርዳትም ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ኤችአይኤፍ ራሱ ለሲዲ8 ቲ ሴል ጠላት አይደለም። ገዳይ ሆኖ ለመብሰል ያስፈልገዋል። የሚያዝለው የኦክሲጅን እጥረትና ፋታ የሌለው የአንቲጅን (ቲ ሴሉ ዒላማውን የሚለይበት ምልክት) ቅስቀሳ ሲደራረቡ ነው፤ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያው፣ ይጎዳል፣ ድካሙም ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ሕዋሳቱን አንድ ሌሊት 1 በመቶ ላይ አሳድሮ «ቲ ሴል ደከመ» ማለት ችኮላ ይመስለኛል። በዚሁ ምክንያት ኮባልት ክሎራይድ የሚባለውን ኬሚካል በኦክሲጅን እጥረት ምትክነት መጠቀም አልወድም። ምልክት አድራጊውን ኢንዛይም አግቶ ኤችአይኤፍን ያስቀምጥልናል፣ ሚቶኮንድሪያው ግን ኦክሲጅኑን እንደልቡ እያገኘ ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 200 ማይክሮ ሊትር ስንጨምር ጥልቀቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተቀሰቀሱ ቲ ሴሎች ታች ታጭቀው ሲተነፍሱ፣ ከላይ ያለው አየር ቶሎ አይደርስላቸውም። «ኦክሲጅን የጠገበ» ብለን ማነጻጸሪያ ያደረግነው ጉድጓድ ሥሩ ላይ የተራበ ሊሆን ይችላል። 100 ማይክሮ ሊትር ማድረግና የሕዋሱን ብዛት መቀነስ ይረዳል።

ሚዲየሙ ከዋዜማው ጀምሮ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ በሰፊ ዕቃ ስስ ሆኖ፣ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ይደር። ከፍሪጅ ወጥቶ የሚጨመር ሚዲየም የሟሟ ኦክሲጅን ይዞ ነው የሚገባው፤ ፕላስቲኩ ራሱም የያዘውን ቀስ እያለ ይለቃል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ኤችአይኤፍ-1 አልፋ ኦክሲጅን ካገኘ ግማሹ በ5 ደቂቃ ገደማ ይጠፋል፤ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፒፔት ፍለጋ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመረምር ባዶ ባንድ (የፕሮቲኑ መስመር የጠፋበት) ነው የሚያየው። ሕዋሱን የሚያፈርሰው ፈሳሽ በረዶ ላይ፣ ፒፔቱም ጫፉ ገብቶለት፣ በሩ ሳይከፈት ዝግጁ ይሁን። ነገ ጠዋት መለያው ላይ ከ«1 በመቶ» ጎን 5.7ም ይጻፍበታል።