የልጅ ጥይት

አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ይዘው ከተመለሱት ነገር እኔ የደረስኩበት አንድ ባዶ ቀለህ ብቻ ነው። እናቴ ቤት ብፌው ላይ ከስኒዎቹ አጠገብ ይቆማል። "የኤም ዋን ነው፣ አትንኩት!" እንባላለን። ዞር ሲሉልን አፉን ታችኛው ከንፈራችን ላይ አስደግፈን እንነፋዋለን። እንደ ፊሽካ ይጮኻል፤ ኩርኩም ይከተላል።

ኤም ዋን የሚባለው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የሚጎርሰው 30-06 የሚባለውን ጥይት ነው፤ አሜሪካኖቹ "ሠርቲ ኦት ሲክስ" ይሉታል። ስለዚህ እዚህ ሚኒሶታ፣ በ42 ዓመቴ፣ አጋዘን ላድን ብዬ ሱቅ ስገባ ምን ጥይት እንደምገዛ አስቀድሜ ወስኜ ነበር።

ለአደኑ የገፋፉኝ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። 67 ዓመታቸው ነው፤ ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ ውስጥ ተወልደው ያደጉ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፣ ሥራ ቦታም በስማቸው ነው የምጠራቸው። በአማርኛ ስተርካቸው ግን "አለኝ" ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ከፈረንጆቹ 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጦር መሣሪያ ደህንነት ትምህርት ካልወሰደ እዚህ ግዛት መደበኛ የአደን ፈቃድ እንደማያገኝ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። በጋውን ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒውተር ላይ ተማርኩ።

ጥይት ተቆጥሮ በሚሰጥበት አገር ላደገ ሰው የሱቁ መደርደሪያ ያስደነግጣል። እንደ ሻይ ቅጠል ካርቶን ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የስሞቹ ነገር ደግሞ የአዲስ አበባን ሰፈሮች አስታወሰኝ፤ ስድስት ኪሎ በርቀት፣ ሰንጋ ተራ በገበያ፣ ፒያሳ በጣልያን እንደተሰየሙት ማለቴ ነው። በ30-06 ውስጥ 30ው በግምት የጥይቱ ውፍረት በኢንች መቶኛ ሲሆን 06ቱ የአሜሪካ ጦር የተቀበለበት ዓመት ነው፣ 1906። በ30-30 ግን ሁለተኛው 30 ዓመት አይደለም፣ የባሩዱ ክብደት ነበር። በ1952 የወጣው 308 ውፍረቱን በኢንች ሺህኛ ይናገራል፣ የሚተኩሰው እርሳስም ከ30-06 ጋር እኩል ውፍረት አለው፤ ቀለሁ ብቻ ነው ያጠረው። 243 ደግሞ የ308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው በ1955 ያወጡት ነው። ሻጩ ወጣት በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሞር ሊሸጥልኝ ብዙ ደከመ። ከ500 ሜትር ላይ እንዴት እንደሚመታ ሲነግረኝ ሽማግሌው ባልደረባዬ ከኋላዬ ሆነው "እኛ ጫካ 500 ሜትር የሚታየው ወደ ላይ ስታይ ብቻ ነው" አሉ።

እኔ ያገለገለ 30-06 ገዛሁ። ሽማግሌው ምንም አላሉም። የእሳቸው ከአባታቸው የወረሱት፣ በእጅ እየተቆለፈ የሚጎርስ 30-30 ነው፤ የሰው ምርጫ ውስጥ አይገቡም።

መስከረም ማለቂያ ላይ የተኩስ ልምምድ ቦታ ሄድን። ኢላማው 100 ያርድ ላይ ነው፣ 91 ሜትር። የመጀመሪያውን ስተኩስ የማነጣጠሪያው መነጽር ጠርዝ ግንባሬን ገመሰኝ፤ በጣም ተጠግቼው ኖሯል። ደሙ ቅንድቤ ላይ ወረደ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የነበረ ልጅ ፕላስተር ሰጠኝ፣ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥይቶች ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ሽምብራ ሆኑ፤ አንዱ ቀኝ፣ ሦስቱ ታች፣ አንዱ ጭራሽ የት እንደገባ አልታወቀም። ጠመንጃውን ረገምኩ፣ መነጽሩን ረገምኩ።

"እስቲ ስጠኝ" አሉ ሽማግሌው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አጎረሱና መለሱልኝ። "ተኩስ።"

ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ! አላጎረሱትም ነበር። ነገር ግን ባዶው ጠመንጃ በእጄ ላይ አፈሙዙን አንድ ጣት ያህል ወደ መሬት ደፋው። ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ትከሻዬን ሰብስቤያለሁ። ማንም ሳይመታኝ ከዱላ የሸሸሁ ነው የምመስለው።

"አየኸው? ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የምትስተው።"

ስድስት ጊዜ ደገምነው፤ አንዴ ጎርሶ፣ አንዴ ባዶ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ። ባዶው በመጣ ቁጥር አፈሙዙ ይሰግዳል። ሰውነቴ አንዴ ፈርቷል፣ ልቤ ምንም ቢፎክር አይሰማውም።

ሽማግሌው መኪናቸው ሄደው አንድ ቀጭን ጠመንጃ ይዘው መጡ። "የልጄ ነው፤ በ12 ዓመቷ የጀመረችበት።" 243። እንግዲህ የቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ የልጅ ጥይት ሊተኩስ ነው። ጎንደር ላሉት አጎቶቼ ይህን መቼም አልነግራቸውም፤ እዚህ ካነበቡት የራሳቸው ጉዳይ ነው። የተኮስኳቸው አምስት ጥይቶች ግን በቡና ስኒ አፍ ይከደናሉ። ርግጫው ከ30-06 ግማሽ ገደማ ነው፣ ዓይኔም ገልጦ ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ሲነዱ እኔ እጠይቃለሁ። ለአጋዘን ይበቃል ወይ? የሚኒሶታ ሕግ ከ22 ካሊበር፣ ማለትም ከ0.22 ኢንች ውፍረት ጀምሮ ይፈቅዳል አሉኝ፤ የማይፈቅደው ሲመታ የማይከፈተውን ጥይት ነው። ወታደር የሚተኩሰው ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ስለሆነ ሥጋውን ወግቶ ያልፋል፤ አውሬው ቆስሎ ርቆ ሄዶ ይሞታል። የአደን ጥይት አፍንጫው ሥጋ ሲነካ እንደ አበባ ይከፈታል። የአያቴን ጥይት ይዤ ብወጣ ሕገ ወጥ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ ለማስረዳት ኮሪያ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

የእርሳሱ ነገር ደግሞ ሌላ ወሬ አመጣ። በ2008 በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ ለችግረኞች በተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ ተገኝቶ ነበር። እርሳስ አጥንት ሲመታ ይበተናል፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ገዛሁ፤ ዋጋው ይከብዳል እንጂ አይፈረፈርም። 85 ግሬን ነው፣ ማለትም አምስት ግራም ተኩል። ሃያ ፍሬ በካርቶን። መነጽሩን ለእሱ እንደገና ለማስተካከል ዘጠኝ ፍሬ ጨረስኩ። ሽማግሌው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን በርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር በጣታቸው እያስተያዩ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፤ በየዓመቱ ከራሳቸው ጋርም ቢሆን እንዲህ ያደርጋሉ።

አደኑ የሚከፈተው በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሥጋውን የምንበላበት ሁለት ሳምንት ብቻ እንዳለኝ ባለቤቴ አስቀድማ ቆጥራለች። አርብ ከሰዓት ከሴንት ፖል ወጥተን መንገድ 169ን ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። ሚል ላክስ ሐይቅ በቀኝ በኩል ረጅም ሰዓት አብሮን ተጓዘ፤ ግራጫ፣ ገና አልረጋም። በየነዳጅ ማደያው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ብቻ ነው የሚታየው፤ የጥምቀት ዋዜማ ይመስላል፣ ነጠላው ብቻ ቀለሙን ቀይሯል። ግራንድ ራፒድስ ላይ ሽማግሌው በርገር በሉ፣ እኔ ከቤት በያዝኩት እንጀራ ሽሮዬን መኪና ውስጥ ጨረስኩ። ከዚያ በመንገድ 2 ወደ ዲር ሪቨር። ስሟ የአጋዘን ወንዝ ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት። ጎጇቸው ከቺፕዋ ብሔራዊ ደን ጥግ ላይ ናት። ምድጃ አላት፣ ውኃ የላትም። ማታ ያለፈውን ዓመት የአጋዘን ቋሊማ ቆርጠው አቀረቡልኝ። "አርብ ነው" አልኳቸው። "ይኸው እኮ ነው ካቶሊኳ አያቴም የምትለኝ" ብለው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ንጋት ላይ ማማ ላይ ነበርኩ። ማማ ብዬ የጻፍኩት አማርኛ ስላጣሁለት አይደለም፤ ልጅ ሆኜ በቆሎ ከጦጣ የጠበቅሁበት ማማ ራሱ ነው፣ ከእንጨት ተሠርቶ ዛፍ ላይ የተደገፈ። ጠመንጃው ሳይጎርስ በገመድ ይጎተታል፣ የሚጎርሰው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 9። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ሲል ከሩቅ የሌሎች ሰዎች ተኩስ ተሰማ። ሽማግሌው ከእኔ በስተ ምሥራቅ፣ የማንተያይበት ቦታ ናቸው።

መጀመሪያ እናትና ግልገል መጡ። እግራቸው በረዶ የያዘውን ቅጠል ሲረግጥ እንደ ቆሎ ይሰማል። የእኔ ፈቃድ ለወንድ ብቻ ስለነበር አሳለፍኳቸው። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ወንዱ መጣ። ቀንዱ ሁለት ሹካ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀውን 3 ኢንች ሲያልፍ በዓይኔ ለካሁት። (የእነዚህ አጋዘኖች ቀንድ በየዓመቱ ይረግፋል፤ እኛ አገር አጋዘን የምንለው የዕድሜ ልኩን ነው የሚሸከመው።) 50 ሜትር ላይ ቆመ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ደረቱን ሰጥቶ።

ጣቴ ሴፍቲው ላይ ነበር። የሽማግሌው ቃል መጣብኝ፦ "ይህ ቀላል ጥይት ነው። ፊት ለፊት ወይም ሰያፍ ከቆመ ትከሻ አጥንት ላይ ይደክማል። ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ፤ ካልሰጠህ የእሱ ቀን ነው።" 30-06 ይዤ ቢሆን እተኩስ ነበር ይሆናል፣ እስትም ነበር። ጠበቅሁ። ጆሮውን አንቀሳቀሰ። የአፍንጫዬ ጫፍ ላይ ውኃ ተንጠለጠለ፣ መጥረግ አልቻልኩም። ከዚያ አንድ ነገር የሰማ መስሎ ወደ ግራ ዞረ።

ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ቁመት ሲሶ ከፍ ብሎ። ተኩሱን አላስታውስም፤ መነጽሩ ውስጥ ሲዘልል ማየቴን ግን አስታውሳለሁ። ዓይኔ አልተጨፈነም ማለት ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳልወርድ ቆየሁ። ሽማግሌው መጡና አብረን ፈለግን። የቆመበት ቦታ ላይ ጥቂት ነጭ ፀጉር እና ሁለት የደም ጠብታ ብቻ ነው ያገኘነው። "የዚህ ጥይት ችግሩ ይህ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ደም አያፈስም" አሉ። የበርች ዛፍ ቅጠል እየገለበጥን፣ አንዳንዴም ተንበርክከን ሄድን። ሆዴ መንቦጫረቅ ጀመረ። 60 እርምጃ ላይ ከወደቀ ጥድ ኋላ ተኝቷል።

በስመ አብ ብዬ ቢላዬን አወጣሁ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም። ሆዱን ስንዘልቀው እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ሁለቱም ሳንባዎች ተበስተዋል። የገባበት የመጻፊያ እርሳስ የማይገባበት ነው፣ የወጣበት አውራ ጣቴን ያስገባል። ጉበቱን ንጹሑን በላስቲክ ያዝኩ። ቁርጥ አማረኝ፤ የዱር ሥጋ በጥሬው እንዳልበላ ግን ሽማግሌው መንገድ ላይ አስጠንቅቀውኛል፣ እኔም ባለቤቴን አውቃታለሁ።

እሑድ ማታ ቤት ስገባ ጥብሱ በሮዝመሪና በቃሪያ ሆነ። እናቴ ስልክ ላይ ነበረች።

"በስንት ጥይት?"

"በአንድ።"

"በምን ጠመንጃ?"

"በአሜሪካ ጠመንጃ" አልኩና ወሬ ቀየርኩ። 30-06ቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ትከሻዬን ካስለመድኩት ለከርሞ እናያለን።

ባዶውን ቀለህ ከኪሴ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አቆምኩት። የስድስት ዓመቱ ልጄ ሲያነሣው አየሁት፣ ዝም አልኩ። አገላበጠው፣ አሸተተው። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ አፉን ታችኛው ከንፈሩ ላይ አስደገፈና ነፋው። ድምፁ ከአያቴ ቀለህ ይቀጥናል።

"ጎረቤት ተኝቷል!" አለች እናቱ ከማድ ቤት።