የአቡነ ያዕቆብ በዓል በአስኮ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ስለነበር፣ ሐምሌ 23 ቀን ማለዳ ከዊንጌት ተሳፍሬ አስኮ ስደርስ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ በጭቃ ተውጦ ነበር። ታክሲው ከዚያ ወዲያ አልሄድ ስላለ የባሕር ዛፉን አጥር እየተከተልኩ፣ ጫማዬን በየድንጋዩ ላይ እየጠረግሁ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዳገቱን ወጣሁ። የምሄደው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደሚያስቀድስባት ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ሲሆን፣ ዕለቱ የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን አጠራር የአቡነ ያዕቆብ፣ መታሰቢያ በዓል ነበር።

ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ስለ እኒህ ሰው በልጅነቴ የሰማሁት ከአንድ ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የምስጋና አልነበረም። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ የጠበቅሁት ኦርጋን ነበር፤ የተቀበለኝ ግን ከበሮና ጸናጽል፣ እንዲሁም ከሰፈሬ ደብር ጋር አንድ የሆነው የግእዝ ቅዳሴ ነው። በስተቀኝ ግድግዳ ላይ የቅዱሱ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጢማቸው የረዘመ፣ እንደ አገራችን ካህን የለበሱ ሰው ናቸው። የሥዕሉ መስታወት በአንደኛው ጥግ በእርጥበት ደብዝዞ ስለነበር፣ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ቀረብ ብለው በጥለቱ ጫፍ ወለወሉት፤ ከዚያም ጧፋቸውን ከሥሩ አቆሙ።

ከቅዳሴ በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ንፍሮ ቀርቦ፣ ከአዲግራት ወገን የመጡ አንድ አዛውንት ቄስ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከእሳቸው የሰማሁትንና በኋላም በንባብ ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ ብጽፈው ይሻላል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮስጢኖስ በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል መንደር፣ ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛ ሆነው ተወለዱ። ላዛሪስቶች በሚባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ገብተው ካህን ሆኑ፤ በ1836 ኔፕልስን ኮሌራ በመታ ጊዜም በሽተኞችን አስታመሙ። በ1839 ወደ ኢትዮጵያ ተልከው መጡ። እዚህ እንደ ደረሱ ቋንቋ መማር፣ የአገሩን ልብስ መልበስና የአገሩን እህል መብላት ጀመሩ፤ ካህናታቸውም በግእዙ ሥርዓት እንዲቀድሱ አደረጉ። ማለዳ የሰማሁት ከበሮ መነሻው ይህ ውሳኔ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሚሲዮናዊ የራሱን ሥርዓት ጭኖ ይመጣ ስለነበር ነገሩን እንደ ቀላል ማለፍ አልቻልሁም።

በ1840 መጀመሪያ አድዋ ላይ የተናገሩትን ቄሱ በቃላቸው ያውቁታል። የልብ በር አፍ ነው፣ ቁልፉም ቃል ነው፤ አፌን ስከፍት የልቤን በር እከፍትላችኋለሁ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። ሰውየው ለአድማጮቻቸው ጌቶቼ እናንተ ናችሁ፣ እግዚአብሔር ሕይወቴን የሰጠኝ ለእናንተ ነውና፣ ብለዋቸዋል። ቄሱ መካከል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ሥዕሉን የወለወሉት እናት ከጀበናው ጀርባ ሆነው ቀሪውን ጨረሱላቸው።

«አባ፣ የያኔው የኦርቶዶክስ ጳጳስ አቡነ ሰላማ አቡነ ያዕቆብን አሳደዷቸው ይባላል፤ በመካከላቸው የነበረው ምን ነበር?» አልኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አቡኑን ሊያመጣ የሄደውን መልእክተኛ አጅበው ግብፅ የወረዱት እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።»

እውነት ነው። የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ የላኳቸውን መልእክተኞች አቡነ ያዕቆብ ሸኝተው ሄደዋል፤ ከዚያም ከፊሎቹን ይዘው ሮምንና ኢየሩሳሌምን አሳይተዋቸዋል። በዚያ ጉዞ ውስጥ የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ፣ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሊቅ። በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ በ1851 በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሞቱ። ከሁለቱ ማን መምህር፣ ማን ደቀ መዝሙር እንደ ነበረ መለየት ለእኔ ይከብደኛል። እንግዳው ስለ አገሩ ሃይማኖት ከሊቁ የተማሩት፣ ለሊቁ ካስተማሩት ያነሰ አይመስለኝም፤ ቅድስናቸውንም ከሁሉ አብልጬ ያየሁት በዚህ ተማሪነታቸው ውስጥ ነው።

የራሳቸው ፍጻሜም ከባድ ነበር። በ1849 ምጽዋ ላይ በድብቅ ጵጵስና ተቀብለው፣ በ1854 ጎንደር ታስረው፣ ከአገር ተባርረው ተመልሰው፣ ጁላይ 31 ቀን 1860 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጡ አሊጌዴ በተባለ ሸለቆ በትኩሳት ተሸንፈው፣ በደቀ መዛሙርታቸው መካከል ዐረፉ። የተቀበሩት በኤርትራ ሄቦ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ብለው ያወጁላቸው በ1975 ሲሆን፣ ቄሱ ያን ዜና የሰሙት ገና ወጣት ሳሉ እንደ ነበር ነገሩኝ።

በረካው ተጠጥቶ ስነሣ ዝናቡ እንደ ገና ጀምሮ ነበር። ጫማዬን በር ላይ ካወለቅሁበት ቦታ አጣሁት። ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ፣ ከክፍክፉ ሥር፣ ጭቃው በእንጨት ተፍቆ፣ ተረከዙን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያስቀመጠው ሰው እንዳለ አየሁ።