ለድንገተኛ ሕክምና ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ቦርሳውን መዝኑ

ሰሞኑን አንድ የግል ሕክምና ተቋም ለድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎቹ ሞተር ሊገዛ ነውና ዝርዝሩን እስቲ እይልን ተብዬ ወረቀቱ ተላከልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ከ600 ሲሲ ያላነሰ» ይላል። ሁለተኛው ስለ ቀለም ነው። ማን እንደሚነዳው፣ ምን እንደሚጭን፣ የት ቆሞ ጥሪ እንደሚጠብቅ አንዲት ቃል የለችበትም። ለተቋሙ ሐኪም ደወልኩና «ዶክተር፣ ሞተሩን ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ ባለሙያው የሚይዘውን የሕክምና ቦርሳ ያስመዝኑልኝ» አልኳቸው። በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ እንዲህ ዓይነት ግዢ የሚያስብ ሌላ ሰው አይጠፋም።

አንተ ማን ነህ ለምትሉኝ፣ የሞተር መካኒክ ነኝ። ሳሪስ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ወሎ ውስጥ የጤና ፕሮግራም ሞተሮችን ስጠግን ነው ዕድሜዬ የሄደው። ታናሽ እህቴ ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ አሁን ከምጽፈው ግማሹ የሷ ነው። እሷም ሞተር ትነዳለች፣ ከኔ ይልቅ በጥንቃቄ።

መጀመሪያ ሥራው ይለይ። ከተማ ውስጥ ባለሙያ በሞተር የሚላከው በሽተኛ ሊያመጣ አይደለም። አምቡላንሱ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ ተጠርቅሞ ሳይረኑን በከንቱ ሲያስጮህ፣ ሞተረኛው በመኪኖች መሃል ሾልኮ ቀድሞ ይደርሳል። የሚፈሰውን ደም ያቆማል፣ የታነቀውን ያስተነፍሳል፣ ልብ ቆሞ ከሆነ ደረት ይጫናል። ልቡ የቆመ ሰው ይህን እርዳታ ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል። በሽተኛውን የሚወስደው ግን ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው።

ገጠር ሲሆን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 ማላዊ ውስጥ ማንጎቺ በሚባለው አካባቢ ለሦስት ጤና ጣቢያዎች በሽተኛ የሚጭን ሞተር ተሰጥቶ ነበር። ምጥ የጠናባቸው እናቶች ሆስፒታል እስኪደርሱ የሚባክነው ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል በሚደርስ መጠን ቀነሰ፤ የሞተሩ መግዣም ከአምቡላንስ መኪና በ19 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። የተላከልኝ ወረቀት ሁለቱን አደባልቋል። «በሽተኛ ማጓጓዝም የሚችል» ይላል በአምስተኛው መስመር፣ የሚታሰበው ግን የቦሌና የፒያሳ ጥሪ ነው።

ወደ ቦርሳው ልመለስ። እህቴ የሷን ይዛልኝ መጣችና ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አወጣነው። ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው)፣ የእጅ መምጠጫ፣ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ፣ ቶርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ)፣ ፋሻ፣ የአንገት መደገፊያ፣ ስፕሊንት (የስብራት መደገፊያ)፣ በደም ሥር የሚሰጡት ግሉኮስና ሪንገር፣ ከዚያም የልብ ማስነሻው። 25 ኪሎ ግድም መጣ። ወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ጤፍ ቢሆን ኖሮ ለሳምንት እንጀራ ይበቃ ነበር» አሉን።

ስለ ኦክስጅኑ አንድ ነገር። 400 ሊትር ገደማ የሚይዘው ትንሹ ሲሊንደር በደቂቃ 15 ሊትር ከተለቀቀ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ትልቁን እንያዝ የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ትልቁ ሞተሩን ወደ አንድ ወገን ያጋድለዋል። ግማሽ ሰዓት አምቡላንስ እስኪመጣ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ የጎደለው አምቡላንስ ነው፤ ሲሊንደር በማሳደግ አይሞላም።

ይህ 25 ኪሎ የት ይቀመጥ የሚለው ከሲሲው ይበልጣል። የዴሊቨሪ ልጆች እንደሚያደርጉት ሁሉንም ከኋላ ፖርቶመጋላ ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ብትከምሩት፣ ክብደቱ ከኋላ ጎማው ማዶ ያርፍና የፊቱ ጎማ ይቀልላል። ሽቅብ ላይ መሪው መሬት የለቀቀ ይመስላችኋል፤ ኩርባ ላይ ፊት ለፊት ልትሄዱ ነው። እኔ የምለው ከባዱ ዝቅ ይበል ነው። ኦክስጅኑ በአንድ ጎን፣ ፈሳሾቹ በሌላው ጎን፣ ሁለቱ ተመዛዝነው፤ ላይኛው ሳጥን ውስጥ ቀላሉና መጀመሪያ የሚነሳው፣ ማለትም የልብ ማስነሻው፣ አምቡ ባጉና ቶርኒኬቱ። የጎን ሳጥኖቹ ከማኑብሪዮው ጫፍ እንዳይወጡ። መሪው ያለፈበት ክፍተት ሳጥኑንም ካላሳለፈ የታክሲውን በር እየላጣችሁ ነው የምትሄዱት።

አሁን ሞተሩ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ስትወጡ 3,000 ታልፋላችሁ። አየሩ በሳሳ መጠን ሞተር ጉልበቱ ይወርዳል፤ ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት እዚህ 9 ቢሰጣችሁ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያይም። ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ ቀይረን እናስተካክለዋለን፤ ያው ሞተር አዳማ ሲወርድ እንደገና ሌላ ጂግለር ይፈልጋል። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ ሞተር፣ ይህን ሁሉ ራሱ ያስተካክላል። ለጥሪ የሚሄድ ሰው ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ መነሳት አለበት። ስለዚህ ኢንጀክሽን አይታለፍም እላለሁ፣ ምንም እንኳ እኔ ከካርቡሬተር ማጽዳት የምበላ ሰው ብሆን።

ማንም የማይጠይቀው ግን ኤሌክትሪኩን ነው። 100 ዋት ሳይረን በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ8 አምፔር በላይ ይጎትታል። መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ የስልክ ቻርጀሩ ሲጨመርበት አስቡት። ትንንሾቹ ሞተሮች የሚያመነጩት ለራሳቸው የፊት መብራትና ለካንዴላ ይበቃል እንጂ ብዙ ትርፍ የለውም። ባትሪያቸውም 5 አምፔር ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ሳይረኑ ቢጮህ በግማሽ ሰዓት ባዶ ነው። ባለሙያው በሽተኛውን ለአምቡላንስ አስረክቦ ሲመለስ ሞተሩ አይነሳለትም። ለዚህ ነው መብራቱ ሁሉ ኤልኢዲ ይሁን፣ ሳይረኑ አነስ ይበል፣ የእግር ማስነሻም ይኑረው የምለው። ሻጩን «ሞተሩ ስንት ዋት ያመነጫል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ፋብሪካው ያወጣውን መጽሐፍ ያምጣ።

ጎማና ፍሬን ላይ አጠር ልበል። ክረምት ላይ ኮብልስቶን የነዳ ያውቀዋል፤ ሸራ ፍሬን ያለው ሞተር የፊቱን ጠበቅ ሲያደርጉት ጎማው ቀጥ ይልና ሰውየው መሬት ነው። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ይኑረው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ያለ ኤቢኤስ እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ ወደ እኛ ሲላክ ግን ያው ስም ያለው ሞተር ያለ ኤቢኤስ ሊመጣ ስለሚችል ስሙን አይታችሁ አትግዙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጎማው ሥር ያለውን እዩ። ጎማው ካላማዳሪ የሌለው ቢሆን ይሻላል። ሚስማር ሲወጋው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፤ ባለ ካላማዳሪው ግን እዚያው ያስቀራችሁና ጎሚስታ ፍለጋ ነው።

ቁመት። እህቴ 1 ሜትር ከ58 ናት። ሰዎች ለገጠር መንገድ የሚወዱት ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል መቀመጫው 87 ሳንቲ ግድም ነው። ቦርሳ ጭናበት አንድ እግሯን በጣቷ ጫፍ ነው የምታሳርፈው፤ ያውም ሜዳ ላይ። ቡድኑ ውስጥ ረዥሙ ወንድ ቆሞ የመረጠው ሞተር ለግማሹ ሠራተኛ አይሆንም። መቀመጫው 80 ሳንቲ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሁሉም ይነዳዋል።

ቀጥሎ መቆሚያው። ባለሙያው ሲደርስ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ሰውየው ነው የሚሮጠው፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ብቻውን ይቀራል። ተዳፋት ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ በቦይ ጠርዝ። እዚህ ላይ የማነሳው ያረጀ ወዳጄን ያማሃ ኤጂ 100ን ነው። ኤጂ የሚለው ለእርሻ ተብሎ መሠራቱን ያመለክታል፤ ወሎ ውስጥ የክትባት ሣጥን ተሸክሞ ያልወጣው ዳገት የለም። በሁለቱም ጎን መቆሚያ አለው፤ ተዳፋቱ ወደየትም ቢያጋድል የሚሆነውን ጎን ትመርጣላችሁ። ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ጭቃና አቧራ አያገኘውም። ፊትም ኋላም መጫኛ አለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ይጨሳል፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው፤ ዛሬ ለከተማ ግዙት አልልም። ግን የሠራው ሰው ሞተሩ ቆሞ ምን እንደሚሆን አስቦበታል፤ የዛሬዎቹ ዲዛይነሮች የሚያስቡት ሲሮጥ ብቻ ይመስለኛል።

ስርቆቱን አትርሱ። ሳጥኖቹ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ፣ ሲዘጉ ራሳቸው የሚቆለፉ ይሁኑ። መብራቱ ቁልፉ ወጥቶም የሚሠራ ይሁን፤ አለበለዚያ ባለሙያው ወይ ቁልፉን ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ሞተሩን ጨለማ ውስጥ ትቶ ሌላ አደጋ ይጠራል።

«600 ሲሲ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አውሮፓ ውስጥ ፖሊሱም አምቡላንሱም የሚነዳውን ቢኤምደብሊው አርቲ ቪዲዮ ላይ ሁላችንም አይተናል። ያ ሞተር ገና ሳይጫን ከ270 ኪሎ በላይ ነው። በአስፋልት አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 120 ለሚበር ሰው ድንቅ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ከወደቀ ግን ማን ያነሳዋል? የፍሬን ሸራውስ የት ይገኛል? ሱማሌ ተራ ሙሉ ቀን ብትዞሩ አታገኙትም። እስራኤል ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት ደግሞ ኢሑድ ሃጻላ የሚባለው የድንገተኛ ሕክምና ድርጅት በጎ ፈቃደኞች የሚነዱት ፒያጆ ኤምፒ3 ነው፤ ከፊት ሁለት ጎማ ያለው፣ ኩርባ ላይ አብሮ የሚያጋድል፣ ሲቆምም ቆልፈውት ያለ እግር የሚቆም። እርጥብ መንገድ ላይ እንደሱ የሚያስተማምን የለም። ጎማዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ የፊቱ አሠራር ውስብስብ ነው፤ የኛ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚጠግነው መካኒክ እኔን ጨምሮ ገና አልተማረም።

ኤሌክትሪክ ሞተርስ? እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር አልተስማማንም። ከፍታ ኤሌክትሪክ ሞተርን አያደክመውም፤ የቤንዚን ሰልፍ የለም፤ ሳይረኑን የሚመግብ ትልቅ ባትሪ ከነመለወጫው አለው። አሁን አዲስ አበባ ላይ ባትሪ እየቀያየሩ የሚነዱም አሉ። እሷ ነገ ይገዛ ትላለች። እኔ የምፈራው ሞተራቸው የኋላ ጎማው ውስጥ የተሠራውን ነው፤ ረዥም ዳገት ላይ በዝግታ ሲጎትት ይግላል፣ ሲግል ራሱን ይገታል። ጥሪው ቦሌና መሃል ከተማ ላይ ከሆነ እሷ ትክክል ናት። ጉለሌና እንጦጦ ሥር ከሆነ ግን በቤንዚን ልቆይ።

እና ለዶክተሩ የጻፍኩላቸው ይህ ነው፦ ከ160 እስከ 200 ሲሲ፣ ኢንጀክሽን፣ ኤቢኤስ፣ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ፣ 80 ሳንቲ መቀመጫ። የሕንዱ ቲቪኤስ አፓቼ 200 ዓይነት፣ ኤቢኤሱና ኢንጀክሽኑ በትክክል ካለው። ከከተማ ውጭ ቅርንጫፍ ካላቸው ለዚያ ኤጂ 200። ስድስት ሊገዙ ከሆነ አምስት ይግዙና በስድስተኛው ዋጋ መለዋወጫ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጥሩ ሄልሜትና የመንዳት ሥልጠና ይግዙ። ፈቃዱን ደግሞ ከግዢው በፊት፤ በ2011 ሰኔ መጨረሻ ከተማው ሞተር ላይ ገደብ ሲጥል ስንት ሞተር ግቢ ውስጥ ቆሞ እንደቀረ ሞተረኛ ሁሉ ያስታውሳል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ አንድ ሞተር ለአንድ ቀን ይስጣችሁ። 25 ኪሎ አሸዋ በሳጥኖቹ ጫኑበት። ከቡድኑ አጭሯ ሰው ትንዳው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ትውጣ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ቁማ እንደገና ትነሳ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ትያዝ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ መብራቱንና ሬዲዮውን ለአርባ ደቂቃ አብሩትና ቁልፍ ሞክሩ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።