ረመጥን እንዴት እንደፈጠርኳትና 500 ቅጂ ያበላሸብኝ አንድ ቃል

መምህሯ 28 ወረቀት ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ልጆቹ ታሪኩን ሰምተው ጀግናዋን የሣሉበት ነው። የመጽሐፉን ሥዕል ገና አላሳየናቸውም፣ ያነበብኩላቸው ብቻ ነው። አንዱን አነሳሁ፣ እባብ። ሌላውን አነሳሁ፣ እባብ። አንዱ ልጅ ወረቀቱ ስላልበቃው ጅራቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጥሎታል። እግር ያለው ሥዕል 2 ብቻ ነበር። እኔ የጻፍኩት ደግሞ አራት እግር ስላላት፣ ሲኒ ውስጥ ገብታ ስለምትተኛ ትንሽ ፍጥረት ነው።

ይሄ የሆነው 500 ቅጂ ታትሞ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ካርቶኖቹ ሳሎኔ ውስጥ ከተደረደሩ በኋላ ነው። ለልጆች ምናባዊ እንስሳ ልፍጠር የምትሉ ካላችሁ፣ እኔን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከልጄ ነው። 6 ዓመቷ ነበር። ፊልም ላይ ያየችውን እሳት የሚተፋ ትልቅ ባለክንፍ አውሬ ወዳዋለች። አንድ ማታ ተረት ልነግራት ስል «እንደሱ ዓይነት፣ ግን ኪሴ የምትገባ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ትንሽ ትንሽ እየጨመርን ሠራናት።

መጠኗን በቡና ሲኒ ለካን። ሲኒው ውስጥ ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ጅራቷ ብቻ በከንፈሩ በኩል ይንጠለጠላል። ልጅ በእጁ ይዞት በሚያውቀው ዕቃ ለኩ፣ በሴንቲ ሜትር አትድከሙ።

ክንፍ ተውን። ክንፍ አይቻልም ብዬ አይደለም። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፉ እንሽላሊቶች አሉ። የጎድን አጥንታቸው ወደ ጎን ረዝሞ ቆዳቸውን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። ግን ክንፍ ያለው እንስሳ ጥሎ ይሄዳል። ልጄ የፈለገችው ጥሏት የማይሄድ ነው።

ቀንዷን ከአገራችን አገኘሁት። ባሌ ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ሁለት ቀንድ ያላት የእስስት ዝርያ አለች፣ ለሳይንስ የተመዘገበችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ይቺን ይዘን ነው እንግዲህ የሰው አገር አውሬ የምንቀዳው! መጀመሪያ ላይ እንደ እስስት ቀለሟንም ትቀያይር ነበር። ያንን ግን ቶሎ አወጣሁት። በኛ ቋንቋ «እስስት» ብሎ ሰው መጥራት ስድብ ነው፣ የማይታመን ማለት ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ደግሞ እስስት ጥርስህን ከቆጠረች ይረግፋል ይባል ስለነበር፣ ስናያት አፋችንን በእጃችን ይዘን ነበር የምናልፈው። የልጅ ጓደኛ የምትሆን እንስሳ ያንን ሁሉ ተሸክማ መምጣት የለባትም።

ከሁሉም የምኮራበት ማቶቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጀርባዋ እሾህ የሆነ እንሽላሊት አለች። ስትፈራ የራሷን ጅራት ነክሳ ክብ ትሆናለች፣ እሾሁ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ሆድ ወደ ውስጥ። ፎቶዋን እንዳየሁ የታየኝ የእናቴ ጀበና የሚቀመጥበት ማቶት ነው። በቃ፣ የኛዋም እንግዳ ሲመጣ ጅራቷን ነክሳ ክብ ትሆናለች። ጀበናው ላይዋ ላይ ይቀመጣል። እንግዶቹ ቡናቸውን እየጠጡ አንዳቸውም አያውቁም። የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ልጄ ይሄን ስነግራት ብርድ ልብሱን አፏ ውስጥ ከትታ ነው የሳቀችው።

እሳቱ ላይ ብዙ አሰብኩ። ቦምባርዲየር የሚባል ጥንዚዛ አለ። ሆዱ ውስጥ ኬሚካሎችን ለየብቻ ያስቀምጣል፣ ሲነኩት ያቀላቅላቸውና ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ፈሳሽ ይረጫል። እሱን ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር እሳት የሚያልቅ ነገር መሆኑን ነው። ተሠርቶ፣ ተጠራቅሞ፣ ያልቃል። ስለዚህ የኛዋ በቀን ሦስት ትንፋሽ ብቻ አላት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ የጠፋ ከሰል ያቀጣጥላል። ቶናው ውሃ ለብ ያደርጋል። በረካው የቀዘቀዘ የልጅ እጅ ከማሞቅ አያልፍም። ሦስቱን ከጨረሰች እስከ ነገ የለም። ታሪኩ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ልጅቷ አቦሉን በማይረባ ነገር አስጨርሳት ማታ ላይ መብራት ይጠፋል።

ድክመቷን ከእውነተኞቹ እንሽላሊቶች ወሰድኩ። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አይታችኋል አይደል? ሰውነታቸው እንደኛ ራሱን አያሞቅም፣ ሙቀት ከውጭ መቀበል አለባቸው። የኛዋም ሐምሌ ሲገባ ትፈዛለች። ፀሐይ የለም፣ ከሰሉ እርጥብ ነው። ረመጥ ውስጥ ተቀብራ ዓይኗን ጨፍና ትውላለች። ስሟም ከዚያ መጣ፦ ረመጥ። አመድ መስላ ውስጧ ትኩስ የሆነች።

ጽሑፉን መተየብ፣ ሠዓሊ ማግኘት፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ማተሚያ ቤት ማነጋገር ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። አልፈዋለሁ።

የከበደው አንድ ቃል ነው።

በእኔ ጽሑፍ ላይ ረመጥ «እንሽላሊት» ነበረች። ርዕሱም «ረመጥ፣ የምድጃዋ እንሽላሊት» ይል ነበር። ጽሑፉን እንዲያይልኝ የከፈልኩት አርታኢ እንሽላሊት የሚለውን በየገጹ በቀይ ሰርዞ «ዘንዶ» እያለ ጻፈበት። «ወንድሜ፣ እንሽላሊት ማን ይገዛል? ልጆቹ የሚወዱት ድራጎን ነው። ድራጎን ደግሞ በአማርኛ ዘንዶ ነው፣ መዝገበ ቃላት እይ» አለኝ። አየሁ። እውነትም ዘንዶ ይላል። ብዙ መጽሐፍ ያለፈበት ሰው ነው፣ እኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ ምን ልበል? ርዕሱ «ትንሿ ዘንዶ» ሆነ።

እናቴ ግን ነግራኝ ነበር። ከመታተሙ በፊት ሽፋኑን በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ዘንዶ አልክ? ምነው ልጄ፣ ለሕፃን?» አለችኝ። «እማዬ፣ ትንሽ ናት እኮ» አልኳት። «ትንሽም ብትሆን ታድጋለች» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ያን ጊዜ መስማት ነበረብኝ። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አርታኢውን ከፍዬ ሰማሁት፣ እናቴን በነጻ አልሰማኋትም።

ወደ ክፍሉ ልመልሳችሁ። ሥዕሎቹን እያየሁ ሳለ አንድ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። አልገባኝም፣ ደግሞ ጠየቅኩት። «ዘንዶዋን የሚገድላት» አለ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፣ ከልቡ ነው የሚጠብቀው። አጠገቡ ያለችው ልጅ «አይገድላትም፣ ጥሩ ናት» አለች። እሱ ደግሞ «ዘንዶ ናታ!» አላት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ያቺ ሲኒ ውስጥ የምትተኛዋ፣ የልጅ እጅ የምታሞቀው ረመጥ መገደል አለባት ወይስ የለባትም እየተባለ ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ይዤ ቆሜ የምመልሰው አጣሁ።

ልጁ ምንም አላጠፋም። ያደገበት ቤት ግድግዳ ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ስታይ ያለው ሥዕል ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያየዋል። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ዘንዶው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ከንግሥተ ሳባ በፊት አገሩን ይገዛ ነበር የሚባለውም አርዌ ዘንዶ ነው። አዎ፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያወጣቸውም ዘንዶ ነው፣ ጥቅምት 14 ሲነግሡ ሥዕሉ ላይ አብሮ አለ። ስለዚህ ዘንዶ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ግን እሱም ቢሆን ገደል ላይ የሚንጠለጠል ግዙፍ እባብ ነው። ደጉም ክፉውም ትልቅ ነው። ሰው ሲያወራም ዘንዶ የሚለው ፍየል የሚውጠውን እባብ ነው። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፣ ልጆቹ ግን የሚሰሙት ከመዝገበ ቃላት አይደለም።

አርታኢው ጋ ደወልኩ። «ሽፋኑ ላይ ሥዕሏ አለ አይደል? አይተው ይረዳሉ» አለኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሽፋን ማየት ካለባቸው ቃሉ ምን ሠራ ታዲያ? ከ2 ወር በኋላ የሰጠኋቸው የመጻሕፍት መደብሮች አብዛኛውን መለሱልኝ። አንደኛው ባለ መደብር «ወላጆች ያነሱትና ርዕሱን አንብበው ይመልሱታል» አለኝ። እሱ ቢያንስ እውነቱን ነገረኝ።

ካርቶኖቹን ለ4 ወር አልነካኋቸውም። ከዚያ ተመልሼ ጻፍኩት። ዘንዶ የሚለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጣሁ። ድራጎን የሚለውንም አላስገባሁም። አሁን ማንም ምን እንደሆነች አይናገርም። ረመጥ ረመጥ ናት። ቀንዷ፣ እሾኋ፣ ትንፋሿ ይነገራል፣ የቀረውን ልጁ ራሱ ይሞላዋል። ሁለተኛውን ከማሳተሜ በፊት ያለ ሥዕል ለ5 የሰፈር ልጆች አንብቤ አስሣልኳቸው። 5ቱም እግር አደረጉላት። አንዷ ጫማ አድርጋላታለች።

አደራ የምላችሁ ይሄን ነው። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን ብቻ ለልጆች አንብባችሁ አስሥሉ። ቀለምና ወረቀት ነው የሚፈጀው።

ሌላም ሰዎች የሚመክሯችሁ ነገር አለ፣ እኔ አልስማማም። የባሕርይ ዝርዝር ሥሩ ይላሉ፣ የምትወደው ቀለም፣ የልደት ቀኗ፣ ምን ምኗ። እኔም ሞልቼ ነበር፣ ታሪኩ ውስጥ አንዱም አልገባም። የት ትተኛለች፣ ምን ትበላለች፣ ምን አትችልም፣ እኔን ያሠራኝ ይሄ ነው። ከባድ ቃል አውጣ ይላሉ ደግሞ። ማቶትን «ማስቀመጫ» በለው ተብያለሁ። እምቢ አልኩ። የከተማ ልጅ ማቶት ካላወቀ ከረመጥ ይማር።

አንድ ሌላ ጥፋቴን ሳልናገር አላልፍም። በመጀመሪያው እትም ልጅቷ ሌሊት ረመጥ እንዳይበርዳት ከሰሉን ከነምድጃው መኝታ ቤት አስገብታ በር ትዘጋ ነበር። አርታኢው አላየውም፣ ሠዓሊውም አላየውም፣ እኔ ራሴ የልጅ አባት ሆኜ አላየሁትም። ያየችው ነርስ የሆነች አንዲት እናት ናት። «ይሄ ሰው ይገድላል» አለችኝ። ልክ ናት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ስለ ዘንዶው ስበሳጭ የከረምኩ ሰውዬ፣ ይሄን ስሰማ ሌሊቱን አልተኛሁም። የተረፉትን የመጀመሪያ እትም ቅጂዎች በሙሉ ያስወገድኩት ለዚህ ነው እንጂ ለርዕሱ አይደለም። አሁን ምድጃው ግቢ ውስጥ ነው፣ እናትየው አጠገቡ አለች። ረመጥ ማታ ስትገባ ከሰሉን ውጭ ትታ ነው፣ ሌሊቱን የምትሞቀው በልጅቷ እጅ ነው።

አዲሱን መጽሐፍ ለእናቴ ወሰድኩላት። ምንም አላለችም። ባለፈው እሑድ ቤቷ ስንሄድ ቡና እየተቆላ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ስትነግራት ደረስኩ። ረመጥ ፈንድሻ ስትሰርቅ ጉንጯ ተወጥሮ ሲኒው ውስጥ መግባት አቃታት እያለቻት ነው። እኔ መጽሐፉ ላይ ያልኩት ጉንዳን ነው የምትበላው። ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ ፈንድሻውን ለምን አልጻፍከውም?» አለችኝ። ለሚቀጥለው እትም ጽፌዋለሁ።