ውኃው ባዶ ወረቀት ነው

ሮም ያደርኩበት ክፍል መስኮት ሥር የጠርሙስ ማጠራቀሚያ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መኪናው መጥቶ ሲገለብጠው እንቅልፌ አብሮ ሄደ። ጠዋት አሮጌ የሥዕል ኅትመት ሻጭ ዘንድ የገባሁት ለመታለል ተመቻችቼ ነው።

ሻጩ የቀራጩን የጆቫኒ ፍራንቼስኮ ቬንቱሪኒን ሥራ ዘረጋልኝ፤ ሮም አቅራቢያ ባለችው ቲቮሊ፣ ቪላ ዴስቴ በተባለው አትክልት ውስጥ፣ አርክቴክቱ በርኒኒ ከውኃ ኦርጋኑ (በውኃ ኃይል ከሚነፋው ኦርጋን) ሥር የነደፈው ፏፏቴ። «የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ 180 ዩሮ።»

እንዲህ ዓይነት ኅትመት ላይ መጀመሪያ ማየት ውኃውን ነው። ውኃው አይሳልም። ቀራጩ ከኋላ ያሉትን ዛፎች በተጠላለፉ ጭረቶች ያጠቁርና የውኃውን ቦታ ይተወዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚወርደው ባዶው ወረቀት ነው። በላዩ ላይ ያለው ርጭቱን የሚያሳይ ጥቂት ቀጭን መስመርና ነጠብጣብ ብቻ ነው። ቀጭኑን ለማግኘት የመዳብ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይነከርና ይወጣል፤ ያ ቦታ በቫርኒሽ ተሸፍኖ ጥላው እንዲጠልቅ ሰሌዳው እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ ርጭቱ ሰሌዳው ላይ ከሁሉ ጥልቀት የሌለው ጭረት ነው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ ቀለም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ በማተሚያው ይጨፈለቃል፤ ቀድሞ የሚጠፋው ርጭቱ ነው።

10 እጥፍ የሚያጎላውን መነጽሬን አወጣሁ። ነጠብጣቦቹ ተቆራርጠዋል፤ ጥላው ግን ድፍን ጥቁር ነው። ጠርጥሬ ጭረቶቹን ተከተልኩ። በአሲድ የተበላ መስመር ጫፉ ዱልዱም ነው፤ በቡሪን፣ በቀራጩ ስለታም ብረት፣ የተፈለቀቀ ግን ወገቡ ወፍሮ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ጥላው ውስጥ ሾጣጣዎቹ ከዱልዱሞቹ ጋር ተደራርበዋል፤ ያለቀን ሰሌዳ ሲያድሱ እንዲህ ይሆናል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። የዚያ ዘመን ወረቀት ቢሆን በ25 ሚሊ ሜትር ገደማ የተራራቁ መስመሮች ይታዩ ነበር፤ ይሄ እንደ ሻሽ ልሙጥ ነው። ልሙጥ ወረቀት የተስፋፋው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው።

ሻጩ የሰሌዳው ጠርዝ የረገጠውን ምልክት በጣቱ አሳየኝ። እሱ በመዳብ ሰሌዳ መታተሙን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1738 የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ እንዲህ ዓይነት ኅትመቶችን ያወጣ የነበረውን የዴ ሮሲን ማተሚያ ቤት ሰሌዳዎች ገዝቶ ካልኮግራፊያ የተባለውን የመዳብ ሰሌዳ ማተሚያ ተቋም ካቋቋመ በኋላ ብዙዎቹ እየታተሙ ኖረዋል። ሰውየው ሆን ብሎ ዋሽቷል አልልም፤ የቀራጩ ስም ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይታተማል። በ70 ተስማማን።

ሜትሮ እስከ ፖንቴ ማሞሎ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ቲቮሊ ቡናዬን ተቀምጬ ስለጠጣሁ ቆሞ ከሚጠጣው ሦስት እጥፍ ከፈልኩ፤ ቡና ቁጭ ተብሎ ሦስት ጊዜ በሚጠጣበት አገር ላደገ ሰው ይሄ ቅጣት ነው።

አትክልቱ ውስጥ አንድም ፓምፕ አልተተከለም፤ የአኒየኔ ወንዝ ውኃ በከተማው ሥር በተቦረቦረ ቦይ መጥቶ በራሱ ቁልቁለት ይፈነጥቃል። የፋሲል መዋኛም በቀሃ ወንዝ ይሞላል፤ የእኛ ግን ጸጥ ብሎ ጥምቀትን ይጠብቃል፣ ይሄኛው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከኦርጋኑ ሥር ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት የኔፕቱን ፋውንቴን እ.ኤ.አ. በ1927 የተሠራ ስለሆነ ኅትመቱ ላይ ፈልጎ መድከም አያስፈልግም።

ኦርጋኑ ሲነፋ ወረቀቴን ዘርግቼ አስተያየሁ። ዛፎቹ ከጀርባ ሲሆኑ ውኃው እንደ ወረቀቱ ነጭ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ስል ከጀርባው ሰማይ ሆነና ርጭቱ ጠፋብኝ።