ጃዝአምባ ስናመሽ

ጃዝአምባ ከተቃጠለ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ግን አሁንም ፒያሳ ስደርስ አንገቴ ሳላዘው ወደ ጣይቱ ሆቴል ይዞራል። ሆቴሉ አለ፣ እንግዳም ይቀበላል። የሌለው እኛ የምናመሽበት ቤት ነው።

ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። ጃዝአምባ ላውንጅ ጣይቱ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የነበረ የጃዝ ቤት ነው። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የአገራችን የመጀመሪያው የሚባለው ያ ሆቴል። ያኔ አዲስ አበባ ላይ «ማታ እንውጣ» ማለት ቦሌ ሄዶ ጆሮ የሚያደነቁር ዲጄ ስር መቆም ነበር። ካልሆነም አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ያለበት ቤት መግባት ነው። ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ የትንፋሽ መሣሪያውንም ኪቦርዱ ችሎ ይጫወተዋል። እኔና ጓደኞቼ ያማረን ሌላ ነበር። ሰው በእጁ ሲጫወት፣ ሲሳሳት፣ እርስ በርስ ተያይቶ ሲሳሳቅ ማየት።

ተማሪ ነን፣ ኪሳችን ቀጭን ነው። አንድ ቢራ ይዞ ማምሸትን የመሰለ ጥበብ ያኔ ነው የተካንነው። አስተናጋጆቹም አውቀውናል። ጠረጴዛ ሲያጸዱ የእኛን ጠርሙስ ዘለው ያልፋሉ።

አቀማመጡ ራሱ አንድ ጨዋታ ነበር። ከፊት ፈረንጆቹ ናቸው። እውነቱን እንናገር፣ ብዙ ማታ ከእኛ ይልቅ እነሱ ይበዙ ነበር። ይሄ ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ትንሽ ያናድደኛል። ከኋላ ግድግዳ ተደግፈን የምንቆም እኛ ነን፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆችም ከእኛ ጋር። እነሱ ዘፋኙን አያዩም። ዓይናቸው የጊታሪስቱ ጣት ላይ ነው። ከመሀከላቸው አንዱ ጉልበቱን እንደ ጊታር አንገት ይዞ በጣቱ ሲከተል አይቼዋለሁ።

መሀሉን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይዘውታል። ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ከሩቅ የሚጣራ ሽቶ። አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለእኔ ከመድረኩ እኩል የሚታዩት እነሱ ነበሩ። ምክንያቱም የእነዚህ ሰዎች ጭፈራ መሀል ላይ የተቋረጠ ነው። ክራርና ሳክስፎን በአንድ ከተማ በሚሰማበት፣ የፖሊስ ሠራዊትና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ በሚፎካከሩበት ዘመን ወጣት ነበሩ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የአዲስ አበባ ማታም አብሮ ተዘጋ። ቤት ውስጥ የቀረ ቀረ፣ የተሰደደ ተሰደደ፣ የሞተም ሞተ። ሰዓት እላፊው ሲነሳ ትልልቆቹ ባንዶች ተበትነዋል፣ ቦታውን ኪቦርድ ወስዶታል። እነዚህ ሰዎች ክላርኔት ሰምተው ለመነሳት ስንት ዓመት እንደጠበቁ አስቡት።

ደግሞም ተነሱ! አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የሚባለው ባንድ ሲጫወት መሀሉ ጠረጴዛ ባዶ ይሆናል። ግሩም መዝሙር ጊታሩን ወይ አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ሄኖክ ተመስገን ቤዝ ላይ፣ ዳዊት ፍሬው ክላርኔት፣ አየለ ማሞ ማንዶሊን። ሄኖክ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ፣ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። አየለ ማሞ ደግሞ ያን የድሮውን ዘመን ራሱ የኖረበት አንጋፋ ነው። ሁለቱን በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ማየት ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣ ነበር። የሚጫወቱት በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የ50ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማ ነው። እኛ እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ከሚያንጎራጉሩት በቀር የማናውቀውን።

አንድ ማታ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። የአዲስ አበባ ሰው ስለሆንን ማንም አልደነገጠም። ስልክ በራ፣ ሻማ ተፈለገ። ማይኩ ሞቷል፣ ስፒከሩ ሞቷል። ማንዶሊኑ ግን አላቆመም። ድምፁ በጣም ቀጭን ነው፣ ከኋላ ላለነው ጭራሽ አይደርስም። «እሽሽ» የሚል ከአንድ ጥግ ተነሳ። ከዚያ ከሌላ ጥግ። አስተናጋጇ ትሪዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በቆመችበት ቀረች፣ ብርጭቆዎቹ እንዳይንኳኩ። ፊት የነበረው ፈረንጅ ካሜራውን አወረደ። ያን ሁሉ ሰው የሞላው አዳራሽ ጸጥ ብሎ ማንዶሊኑን ሰማነው፣ እያንዳንዱን ክር። ክላርኔቱ ቀስ ብሎ ገባ፣ ከበሮ መቺው በጣቱ ብቻ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰዉ በጭብጨባ ፈንታ አጉረመረመ። መብራት መጣ ብሎ የተናደደ የአዲስ አበባ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓለማየሁ እሸቴን እዚያ መድረክ ላይ የማየት ዕድልም ደርሶኛል። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ የአበሻ ኤልቪስ ምናምን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ ማሳተም የሚፈቀድለት ሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሀ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የሙዚቃ መሸጫ ባለቤት «የመጣው ይምጣ» ብሎ በግሉ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያ ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ይኸው፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ፣ ያለ ተቋም፣ በራስ ገንዘብ። ዛሬ ልጆቹ «ኢንዲ» የሚሉትን ነገር እነዚህ ሰዎች በጃንሆይ ዘመን ሠርተውታል። ታዲያ ያ ድምፅ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በክራቫት ታስሮ፣ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲዘፍን እኔ አንድ የሞቀ ቢራ ይዤ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። ምን እያየሁ እንደነበር በቅጡ የገባኝ በኋላ ነው። ሁለቱም፣ አምሀም ዓለማየሁም፣ በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት አረፉ።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ አለ። እኛ ያኔ የምንጨፍረው በራሳችን ዘመን አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ናፍቆት የሽማግሌዎቹ ነው። እኛ ላልኖርንበት ዘመን ዓይናችን እንባ ያቀርር ነበር። አሁን እኔ የምናፍቀው እነሱ ሲናፍቁ ያየሁበትን ማታ ነው። የተዋስኩትን ናፍቆት የራሴ አድርጌው ቁጭ ብያለሁ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። ገና በዓሉ ካለፈ ቀናት ብቻ ናቸው። ስልኬ ሲጮህ ተኝቻለሁ። «ጣይቱ እየተቃጠለ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። ሰው የሞተበት ያህል ነው የተናገረው። ስደርስ ፒያሳ በሰው ተሞልቷል፣ ጭሱ ይታያል፣ አሮጌ እንጨት ሲነድ የሚሸተው ሽታ። አዳራሹ አልተረፈም። አጠገቤ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አባት ቆመው ነበር። በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ የመሀል ጠረጴዛ ሰው ናቸው። ስንጨፍር እንጂ ስናወራ ተገናኝተን አናውቅም። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ምን እሆናለሁ ልጄ» አሉኝና ባርኔጣቸውን አስተካክለው ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃው አልሞተም፣ ተበተነ እንጂ። ቦሌ ማማስ ኪችን ሄድን፣ ጊዮን ግቢ የሙላቱ አስታጥቄ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ ገባን፣ ካዛንቺስ ፈንድቃ አመሸን። ፈንድቃ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። መላኩ በላይ በሽልማት ሳንቲም እየጨፈረ ባደገበት አዝማሪ ቤት ነው ያን ሁሉ የገነባው። እሱም ቤት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሷል። ያኔ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ወጥተን ከላዳ ሹፌሮች ጋር የምንጨቃጨቅበትን ጥግ ባለፈው ወር ፈልጌ አጣሁት። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፣ አልክድም። እኔ ግን በተወለድኩበት ከተማ አቅጣጫ ጠየቅሁ።

ያን እሑድ የደወለልኝ ጓደኛዬ አሁን ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ይህንኑ ሳወራው አላስጨረሰኝም። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ስለተቃጠለ ነው እንዲህ የምትሆነው። ባይቃጠል ኖሮ እኮ አግብተህ ወልደህ ድሮ ትተኸው ነበር» አለኝ። ደግሞም ብዙ ማታ እሱ ሲለምነኝ እኔ ፈተና አለብኝ፣ ደክሞኛል፣ የላዳ የለኝም እያልኩ እንደቀረሁ አስታወሰኝ። ልክ ነው፣ እቀር ነበር። ቤቱ የት ይሄዳል ብዬ።

«ያ መብራት የጠፋ ዕለትስ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እሱን ቀን አልነበርኩም» አለኝ።

«ነበርክ እንጂ! ከጎኔ ነበርክ።»

አልነበርኩም ብሎ ድርቅ አለ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።