ዝቅ ብሎ መዝለል፦ ገመድ የዘወትር ስፖርቴ የሆነበት መንገድ

ስፖርት የማንሠራው ስለምንሰንፍ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያላት፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ጠዋት ሮጣ መመለስ ብትፈልግ ገና ሳይነጋ መውጣት አለባት። ሳይነጋ ደግሞ ጨለማ አለ፣ ውሻ አለ፣ ብቻዋን የምታልፈው ጭር ያለ መንገድ አለ። ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጭቃው ይጨመራል። ጂም ልመዝገብ ብትል ከወር ክፍያው በላይ የታክሲ ሰልፉ ጊዜዋን ይጨርሰዋል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ማለዳ የሚሮጡትን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የምኖረው ግን ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው።

ወደ ገመድ የወሰደኝ የደም ግፊት ነው። እናቴ የግፊት መድኃኒት ስትወስድ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የእኔም ልኬት ከፍ ማለት ሲጀምር ሐኪሙ ጨው እንድቀንስና እንቅስቃሴ እንዳዘወትር መከረኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ተስፋ የሰጠኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ገመድ ዝላይ ከጠንካራዎቹ የሚመደብ ሲሆን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ የሚዘል ሰው የሚያወጣው ጉልበት በሰዓት 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ ሰው ጋር ይቀራረባል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ብዘል ዝቅተኛውን መጠን ሞላሁ ማለት ነው። ከቤት ርቆ መሄድ የለም፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለት ሜትር ያህል ቦታ ይበቃል።

ስለ ገመድ ሲወራ «10 ደቂቃ መዝለል ከ30 ደቂቃ ሩጫ እኩል ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኮሌጅ ወንድ ተማሪዎች ላይ ለስድስት ሳምንት የተደረገ ጥናት በእርግጥ ይህን መሰል ውጤት አሳይቷል። እኔ ግን በወጣት ወንዶች ላይ የታየውን ይዤ ለአርባ ዓመት ሴት ቃል መግባት አልፈልግም። ገመድ ጥሩ ስለመሆኑ ሌላ በቂ ምክንያት አለው።

ገመዴን የገዛሁት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያሳየኝ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነበር። እሱ ለለመደ ሰው ነው፤ በጣም ይፈጥናል፣ ቁርጭምጭሚት ሲመታም ያቃጥላል። ለጀማሪ የሚሻለው ወፈር ያለ የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ ክብደቱ ሲዞር እጅ ላይ ስለሚሰማ እግር መቼ መነሳት እንዳለበት ያስታውቃል። ርዝመቱን ለመለካት መሐሉን በአንድ እግር ረግጦ ሁለቱን መያዣዎች ወደ ላይ መሳብ ነው። ብብት ጋ ከደረሱ ልክ ነው። ከረዘመ መያዣው ሥር ቋጠሮ ይበቃዋል። የረዘመ ገመድ እጅን ከጎን ያርቃል፤ ከእግር በፊት ትከሻ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

በልጅነታችን ሱዚ የዘለልን ሴቶች እግራችን የለመደው ከፍ ማለትን ነው። ሱዚ ላይ ገመዱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ እያለ ሲያድግ የምታሸንፈው ከፍ ብላ የዘለለችው ናት። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእግር ሥር የሚያልፈው ገመድ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መነሳት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የተነሳ ሰው ትንፋሹንም ጉልበቱንም በከንቱ ያባክናል። ክርን የጎን አጥንትን ጠጋ ይላል፣ ገመዱን የሚያዞረው ክንድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው፣ ጉልበት በትንሹ እጥፍ ይላል፣ ማረፊያው የእግር ፊት ነው። ትክክል መሆኔን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ተረከዝ መሬት ሲመታ «ድም» ይላል፤ በእግር ፊት ሲታረፍ ግን የሚሰማው ገመዱ ወለሉን ሲነካ የሚያሰማው «ጠቅ፣ ጠቅ» ብቻ ነው። ድምፁ መክበድ ሲጀምር ደክሞኛል ማለት ነው፤ አቆማለሁ።

ትንፋሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንንም ይፈትናል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዱባይ ለእረፍት የመጣች እህቴ ገመዴን ተቀብላ ገና ሳትሞቅ ደረቷን ይዛ ስትቆም አይቻለሁ። መፍትሔው ግማሽ ደቂቃ መዝለል፣ ግማሽ ደቂቃ በዝግታ እየተራመዱ ማረፍ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ የዝላዩ ጊዜ ይረዝማል፣ የዕረፍቱ ያጥራል። 15 ደቂቃ ሙሉ ያለ ዕረፍት ለመዝለል መጣር አያስፈልግም፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው ገመዱን ጥሎ የሚቀረው ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ ስለሚሞክር ነው።

ልብ ከእግር ቀድሞ ይለምዳል። ትንፋሼ እየተሻለኝ ሲመጣ ባቴና ቅልጥሜ ማመም ጀመሩ፤ ጅማትና አጥንት ለመጠንከር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ዘልዬ አንድ ቀን አርፍ ነበር፣ ሲሚንቶው ላይ የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን በዝግታ ከፍ ዝቅ በማድረግ ባቴን አጠነከርኩ። ሕመሙ እየቀለለ ሄደ። አጥንቱ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ለይቶ የሚያም፣ ሲያርፉም የማይተው ሕመም ግን ሐኪም ይፈልጋል።

ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ እዚያ መዝለል ከታች ላለው ቤተሰብ በደል ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ከጋራ ማብሰያው ጎን፣ ጣሪያው ከሚያጠላበት ሥር እዘላለሁ፤ ዝናብም አያገኘኝም። ማለዳ ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጡ አንዲት ትልቅ እናት ለጥቂት ቀናት ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«ለግፊት ነው እማማ። እንደ እርስዎ ዕድሜ እንድጠግብ ብዬ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ እኔም ልቁጠርልሽ» አሉኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋቢያቸውን ደርበው ይቆጥሩልኛል። የቀረሁ ዕለት ደህና መሆኔን ያስጠይቃሉ። ከራሴ ቁርጠኝነት ይልቅ እንዳላቋርጥ የረዳኝ የእርሳቸው መቁጠር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በአደባባይ የማይነገር፣ ለእኛ ለሴቶች ግን ሊነገረን የሚገባ ነገር አለ። የወለድን ሴቶች ስንዘል ሽንት ጠብ ሊልብን ይችላል። ብዙዎች በዚህ ተሸማቀው ስፖርቱን ይተዋሉ። ምክንያቱ ፊኛንና ማህፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች በእርግዝናና በወሊድ መላላታቸው ነው፤ እነዚህን ጡንቻዎች ደግሞ ማጠንከር ይቻላል። ሽንት ለማቋረጥ እንደሚደረገው ጨምድዶ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፣ ይህንንም በየቀኑ መደጋገም ነው። ከመዝለል በፊት ፊኛን ባዶ ማድረግም ይረዳል። ካልተሻለ ሐኪም ማማከር የሚያሳፍር ነገር የለውም። አራስ የሆነች ሴት ግን ሐኪሟ ሳይፈቅድላት ባትጀምር ይሻላታል።

አዘውትሮ የሚሠራ እንቅስቃሴ ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊቀንስ እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ የእኔም ወርዶልኛል። ጨው መቀነሴም ድርሻ ስላለው ሁሉንም ለገመዱ አልሰጥም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ፣ ግፊቱ ገና ያልተስተካከለም ዘሎ መጀመር የለበትም። ክብደት ለመቀነስ ብቻ ለሚያስቡ ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳያቋርጥ 10 ደቂቃ ቢዘል የሚያቃጥለው 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይህ አንድ ሙሉ እንጀራ ከሚሰጠው ያንሳል። ገመድ ያለ ማዕድ ለውጥ ብዙ አያከሳም። ሌላ የሚሰጠው ግን አለ። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ስለሆነ፣ ከማረጥ በኋላ አጥንታችን ለሚሳሳው ለሴቶች መዝለል ዋናና ብስክሌት የማይሰጡትን ይሰጣል። አጥንቱ አስቀድሞ የሳሳ ሰው ግን ከመዝለል ይልቅ ፈጠን ያለ እርምጃ ይስማማዋል።

በጾም ወቅት ሰዓቱን ቀይሬዋለሁ። እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበሉ ሳይጠጡ ለሚጾሙ ማለዳ መዝለል ቀኑን ሙሉ ጥም ይዞ መዋል ነው። እኔ ከማፍጠሬ ትንሽ ቀደም ብዬ ቀለል አድርጌ እዘላለሁ፣ ወዲያው ውኃ እጠጣለሁ። ራስ የሚያዞር ከሆነ ያን ዕለት ገመዱ ይቀመጥ።

እህቴ ወደ ዱባይ ስትመለስ የራሷን ገመድ ይዛ ሄደች፤ በበጋ ሙቀት ደጅ መራመድ በማይቻልበት አገር፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ለምትኖር ሴት የሚመች ሌላ ስፖርት አላገኘሁላትም። ሰሞኑን ስንደዋወል እጅ አጠላልፎ መዝለል እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እኔም በመልመድ ላይ ስለሆንኩ እስካሁን የያዝኩትን ነገርኳት፤ እጅ የሚጠላለፈው ገመዱ ከራስ በላይ አልፎ ወደ ፊት ሲወርድ ነው፣ አንጓዎቹ ወደ ደረት ሳይወጡ እምብርት አካባቢ ይቆያሉ፣ መያዣዎቹም ከዳሌ አልፈው ወደ ውጪ ይዘረጋሉ፤ እጅ ከፍ ካለ ገመዱ ጠቦ እግር ይይዛል።